ስለ ድረ ገጽ ኮድ ማረሚያ፣ ማስተካከያና መጻፊያ መሣሪያዎች አመራረጥ

መግቢያ

የድረ ገጽ ሥራ የሚማር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በየትኛው መሣሪያ ልሥራ?» ብሎ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጥናት ሳይሆን ከልማድ ነው፤ አንዱ የለመደውን ያመሰግናል፣ ሌላው ያልለመደውን ይነቅፋል፣ ክርክሩም ከመሣሪያዎቹ ስም ሳያልፍ ይቀራል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ከመሣሪያዎቹ የትኛው እንደሚበልጥ አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ የቆመለት ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ከነዚህም ሥራዎች አንድ ቡድን በጋራ ሊወስነው የሚገባው የትኛው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ሊተወው የሚገባውም የትኛው እንደ ሆነ ለማመልከት ነው።

ነገሩ ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አራት ወይም አምስት ተማሪዎች አንድ የመመረቂያ ሥራ በጋራ ሲይዙ ችግሩ ወዲያው ይገለጣል። ለምሳሌ በዊንዶውስ ላይ የሚጻፍ ፋይል በተለመደው አሠራር የመስመርን መጨረሻ በሁለት ምልክቶች ሲያመለክት፣ በሊኑክስ ላይ የሚጻፈው ግን በአንድ ምልክት ብቻ ያመለክታል። ይህ ልዩነት ካልተገታ አንድ ቃል ብቻ ያረመ ተማሪ በጊት መዝገብ ላይ ፋይሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለወጠ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ ቁም ነገር የሆነው ለውጥ ከማይረባው ለውጥ መካከል ይሰወራል፤ ሥራውን የሚመረምረው ጓደኛም ሁሉን ማንበብ ስለሚሰለቸው ሳያነብ ያሳልፈዋል። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስሕተት የሚታይበትን ወይም የሚሰወርበትን መንገድ መምረጥም ጭምር ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ) ሦስቱ ሥራዎች

ኮድ ከመጻፍ ጋር የተያያዙት መሣሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ኤዲተር ነው፤ ይኸውም ኮዱ የሚጻፍበትና የሚነበብበት መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ፎርማተር ይባላል፤ ሥራውም የኮዱን ቅርጽ፣ ማለት መስመሩ የት እንደሚቆረጥ፣ ከዳር ምን ያህል ገባ እንደሚል፣ ክፍተቱ የት እንደሚሆን በአንድ ደንብ ማስተካከል ነው። ፎርማተር የኮዱን ትርጉም አይነካም። ሦስተኛው ሊንተር ነው። ሊንተር ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ አጠራጣሪ የሆነውን ስፍራ ይጠቁማል። ምስር ከመቀቀሉ በፊት በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ጠጠሩ እንደሚለቀም ሁሉ፣ ሊንተርም ኮዱ ከመሥራቱ በፊት ጠጠሩን ይለቅማል።

የሁለቱ የኋለኞቹ አሠራር በጅምሩ አንድ ነው። ሁለቱም ኮዱን አንብበው በሰዋስው እንደሚተነተን ዐረፍተ ነገር በየክፍሉ ይለያዩትና ግንድና ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። ሊንተሩ በዛፉ ላይ እየተዘዋወረ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ደንቦቹን ይመዝናል። ፎርማተሩ ግን ጸሐፊው የሰጠውን ቅርጽ ከሞላ ጎደል ትቶ ከዛፉ ላይ ኮዱን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ቀጥሎ የምንለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

ለ) አጭር ታሪክ

ሊንት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ከልብስ ላይ የሚራገፍ ብናኝ ማለት ነው። ስሙ ለፕሮግራም የተሰጠው በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ እስቲቨን ጆንሰን የተባለው ሊቅ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የሲ ቋንቋን ኮድ የሚመረምር መሣሪያ በሠራ ጊዜ ነው። ያ መሣሪያ የቋንቋው ተርጓሚ ፕሮግራም ዝም ብሎ የሚያሳልፋቸውን፣ ነገር ግን ዐዋቂ ሰው ቢያያቸው የሚጠራጠራቸውን ነገሮች ያመለክት ነበር።

የድረ ገጽ ቋንቋ የሆነው ጃቫስክሪፕት በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ብሬንዳን አይክ በ10 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ መልኩን የሰጠው ቋንቋ ነው። በችኮላ ስለ ተወለደም ለሊንተር የሚመቹ ጠጠሮች በውስጡ አልጠፉም። በ2002 ዳግላስ ክሮክፎርድ ጄኤስሊንት የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ይህ መሣሪያ የባለቤቱን አስተያየት አጥብቆ የሚያስከብርና ለተጠቃሚው ምርጫ ብዙ ቦታ የማይሰጥ ስለ ነበረ፣ በ2011 አንቶን ኮቫልዮቭ ከእርሱ ቀድቶ ምርጫ የሚሰጠውን ጄኤስሂንትን አወጣ። በ2013 ደግሞ ኒኮላስ ዛካስ ኢኤስሊንትን ጀመረ። በኢኤስሊንት እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ ሲሆን፣ ማንም ሰው የራሱን ደንብ ጽፎ ሊጨምርበት ይችላል።

እንግዲህ የሊንተር ታሪክ ከአንድ ሰው ፈቃድ ወደ ብዙ ምርጫ የተጓዘ ነው። የፎርማተር ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2009 ለሕዝብ የቀረበው ጎ የተባለው ቋንቋ ጎፍምት ከሚባል ፎርማተር ጋር ስለ መጣ፣ የቋንቋው ተጠቃሚዎች በአብዛኛው ስለ ቅርጽ ሳይከራከሩ አንድ ቅርጽ ተቀበሉ። በ2017 ጄምስ ሎንግ ለጃቫስክሪፕት ያወጣው ፕሬቲየርም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ፕሬቲየር ፊሊፕ ዋድለር በጻፈው የአቀራረጽ ስልት ላይ ተመሥርቶ፣ ተጠቃሚው ሌላ ካላዘዘው መስመርን በ80 ፊደል ገደማ ይወስናል፤ ለምርጫ የሚተወውም ነገር በጣም ጥቂት ነው።

በ2023 የኢኤስሊንት አዘጋጆች በመሣሪያቸው ውስጥ የነበሩትን የቅርጽ ደንቦች ወደ ፊት እንደማይቀጥሉባቸው አስታወቁ፤ ቅርጽን ለፎርማተር መተው እንደሚሻልም መከሩ። ከዚህ የምንረዳው ሙያው ራሱ በብዙ ዓመት ልምድ ሁለቱን ሥራዎች እንደለያያቸው ነው፤ በቅርጽ ረገድ ምርጫ ማጥበብ፣ በስሕተት ረገድ ግን ምርጫን ማስፋት።

ሐ) ቅርጽ ስሕተትን እንዴት እንደሚሰውር

ቅርጽ ለዓይን ብቻ የሚጠቅም ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር በየካቲት 2014 የሆነውን ያስታውስ። የአፕል ኩባንያ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ከድረ ገጽ ጋር የሚያደርጉትን ምሥጢራዊ ግንኙነት በሚጠብቀው ኮድ ውስጥ፣ «ስሕተት ከተገኘ ወደ መጨረሻው ዝለል» የሚለው የሲ ቋንቋ ትእዛዝ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተጽፎ ተገኘ። የመጀመሪያው በቅድመ ሁኔታው ሥር ነበረ። ሁለተኛው ግን ከቅድመ ሁኔታው ውጭ ሆኖ ሳለ፣ እንደ መጀመሪያው ከዳር ገባ ብሎ ስለ ተጻፈ ለዓይን በሥሩ ያለ ይመስል ነበር። በዚህም ምክንያት ኮዱ ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው እየዘለለ ፊርማውን የሚያረጋግጠውን ክፍል ያልፈው ነበር። ስለዚህም ተጠቃሚው ከባንኩ ጋር የተገናኘ እየመሰለው ከአታላይ ጋር ሊገናኝ የሚችልበት በር ተከፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ ሰውና ማሽን አንዱን ጽሑፍ በሁለት መንገድ አነበቡት። ሰው ቅርጹን አየ፤ ማሽን ሰዋስውን አየ። ፎርማተር ቢኖር ኖሮ ሁለተኛውን ትእዛዝ ወደ ዳር አውጥቶ ማሽኑ የተረዳውን ለሰው ዓይን ያሳይ ነበር። ከሥሩ ያለው ኮድ ፈጽሞ የማይደረስበት መሆኑን የሚያይ ሊንተርም ቢኖር ያንኑ ስፍራ ይጠቁም ነበር።

በጃቫስክሪፕትም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። «ሪተርን» የሚለው ትእዛዝ ለብቻው በአንድ መስመር ላይ ቢጻፍና የሚመለሰው ዋጋ በሚቀጥለው መስመር ላይ ቢቀመጥ፣ ቋንቋው ከትእዛዙ በኋላ ነጠላ ሠረዝ ከነነጥቡ በራሱ ጨምሮ ይዘጋዋል። ዋጋው ሳይመለስ ይቀራል፤ የስሕተት መልእክትም ላይወጣ ይችላል። ፎርማተሩ ይህን ኮድ ሲጽፈው ትእዛዙን በምልክቱ ዘግቶ ስለሚያሳይ፣ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ስሕተቱ ይገለጣል። ስለዚህ የፎርማተር ዋናው ጥቅም ማሳመር ሳይሆን ማሽኑ የገባውን ለሰው መግለጥ ነው እንላለን።

መ) ሊንተሩ የሚያየውና የማያየው

ሊንተር ሊጠቁመው የሚችለውን ነገር በአንድ የትምህርት ቤት ምሳሌ እንግለጽ። የተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግብ ድረ ገጽ አለ እንበል። ውጤቱ ገና ያልተሞላለት ተማሪ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባዶ ጽሑፍ ነው። በጃቫስክሪፕት በሁለት የእኩልነት ምልክት ባዶ ጽሑፍና ዜሮ ቢመዛዘኑ ቋንቋው «እኩል ናቸው» ይላል። እንግዲህ ፈተናውን ገና ያልታረመለት ተማሪ ዜሮ እንዳገኘ ተቆጥሮ ሊወድቅ ነው። በሦስት የእኩልነት ምልክት ቢመዛዘኑ ግን ጽሑፍና ቁጥር የተለያዩ ስለ ሆኑ እኩል አይሆኑም። ኢኤስሊንት ሁለቱን ምልክት የሚከለክል ደንብ አለው፤ ደንቡን ማብራት አንድ መስመር ብቻ መጻፍ ነው።

በሁለት ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ዐይኑ ዐ ከላቲኑ ትልቅ ኦ ጋር፣ ሃሌታው ሀ ከላቲኑ ትልቅ ዩ ጋር በመልክ ይመሳሰላሉ። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን የላቲኑ ኦ ቁጥር 79፣ የዐ ቁጥር 4816 ነው፤ የላቲኑ ዩ 85፣ የሀ ደግሞ 4608 ነው። ጃቫስክሪፕት የግዕዝ ፊደል በስም ውስጥ እንዲገባ ስለሚፈቅድ፣ የፊደል መቀየሪያውን የረሳ ጸሐፊ አንዱን በሌላው ቢተካ አዲስ ስም ይፈጠራል። ያልታወጀ ስም በሥራ ላይ ሲውል የሚጠቁመው የሊንተር ደንብ ይህን ወዲያው ያገኘዋል። ነገሩ ከመሳሳትም አልፎ ለተንኮል ሊውል እንደሚችል በ2021 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒኮላስ ባውቸርና ሮስ አንደርሰን አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን የመሳሰሉ ኤዲተሮች የሚያደናግሩ ፊደሎችን በምልክት ከበው ማሳየት ጀምረዋል።

ይሁን እንጂ ሊንተር የማያየው ከሚያየው ይበልጣል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የልደት ቀን የሚያስሞላ ቅጽ ብንሠራና የወሮቹን ዝርዝር በ12 ብናቆመው፣ ጳጉሜ ስለ መቅረቷ ምንም ሊንተር አይናገርም፤ ኮዱ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውምና። እንዲሁም ድረ ገጹ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ የሚያመለክተው ምልክት መቅረቱን የሚጠቁም ደንብ አለ። ምልክቱ ለዓይነ ስውራን ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ቋንቋውን የሚለይበት ስለ ሆነ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ነገር ግን ተዘጋጅተው የሚገኙ መነሻ ፋይሎች ብዙዎቹ የእንግሊዝኛን ምልክት ይዘው ስለሚመጡ፣ በአማርኛ የተጻፈው ገጽ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ያልፋል። ሊንተሩ ምልክቱ መኖሩን እንጂ እውነት መሆኑን አያውቅም። ሊንተር ሰዋስው የሚያርም እንጂ ምስክርነት የሚመረምር ዳኛ አይደለም።

ሠ) ስለ ኤዲተር ምርጫ

ከሦስቱ ብዙ ክርክር የሚነሣበት ኤዲተር ነው፤ እኛ ግን ከሦስቱ ሁሉ በጋራ መወሰን የማያስፈልገው እርሱ ነው እንላለን። ምክንያታችንም ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ኤዲተር ያረጃል፤ ይሞታልም። ጊትሀብ በ2014 ለሕዝብ ያቀረበው አቶም የተባለው ኤዲተር ብዙ ወዳጆች አፍርቶ ሳለ በታኅሣሥ 2022 ሥራው ተዘጋ። በሌላ በኩል ቢል ጆይ በ1976 የጀመረው ቪአይ፣ ብራም ሞልናር በ1991 ባወጣው በቪም አማካይነት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የቡድኑ ስምምነት በኤዲተሩ ቅንብር ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ፣ ኤዲተሩ ሲቀየር ስምምነቱም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ኤዲተርና ቋንቋ እንደ ድሮው የተሳሰሩ አይደሉም። ቀድሞ እያንዳንዱ ኤዲተር ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን አገናኝ ይፈልግ ነበር፤ 5 ኤዲተርና 6 ቋንቋ ቢኖሩ 30 አገናኝ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። በ2016 ማይክሮሶፍት፣ ሬድ ሃትና ኮዴንቪ ላንግዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል የተባለውን የጋራ መነጋገሪያ ስምምነት ካስታወቁ ወዲህ ግን ሁሉም በአንድ ቋንቋ ስለሚነጋገሩ 11 ብቻ ይበቃሉ። ስለዚህ በቪም የሚጽፈውም፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚጽፈውም ከአንድ ሊንተር አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ሊያገኝ ይችላል።

ይህ ለተማሪ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ምቹ ቢሆንም በውስጡ ሙሉ የድረ ገጽ ማሳያ ሞተር ስለ ያዘ ብዙ የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ይወስዳል። ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ በቀላል ኤዲተር ቢጽፍ ከቡድኑ ሊለይ አይገባውም። የሚጠየቀው በምን እንደ ጻፈ ሳይሆን ያስረከበው ኮድ የጋራውን ደንብ ማለፉ ነው።

ረ) ከመሣሪያዎቹ ራሳቸው ስለሚመጣ አደጋ

እነዚህ መሣሪያዎች በኮምፒዩተራችን ላይ የሚሠሩ የሌላ ሰው ፕሮግራሞች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። በሐምሌ 2018 አንድ አጥቂ ከኢኤስሊንት አዘጋጆች የአንዱን የኤንፒኤም መለያ ይዞ፣ ኢኤስሊንት-ስኮፕ የተባለውን ክፍል የተበከለ እትም አወጣ። ያ እትም በገባበት ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠውን የኤንፒኤም መግቢያ ምሥጢር ወደ አጥቂው ይልክ ነበር። መንገዱ የተከፈተው አዘጋጁ አንድ የይለፍ ቃል በብዙ ስፍራ በመጠቀሙና ሁለተኛ ማረጋገጫ ባለማድረጉ ነው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ኢኤስሊንትንና ፕሬቲየርን የሚያስማማው ኢኤስሊንት-ኮንፊግ-ፕሬቲየር የተባለው ክፍል፣ አዘጋጁ በሐሰተኛ ደብዳቤ ተታሎ፣ በተመሳሳይ መንገድ ተበክሎ ወጥቶ ነበር።

ከዚህ ሁለት ምክር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ የምንጭነውን ተጨማሪ ክፍል ማሳነስ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል ለማናውቀው ሰው የቤታችንን ቁልፍ መስጠት ነውና። ሁለተኛው፣ የእያንዳንዱን ክፍል እትም በቁጥሩ መዝግቦ በሚይዘው ፋይል መቆለፍና፣ አዲስ እትም በወጣ ዕለት ሳይመረምሩ ለመውሰድ አለመቸኮል ነው። የተቆለፈ እትም ሌላም ጥቅም አለው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ሥራ አይቆምም።

ሰ) ለአንድ ቡድን የሚስማማ አሠራር

ከፍ ብሎ በተገለጸው መሠረት ለተማሪዎች ቡድን የሚከተለውን አሠራር እናቀርባለን።

1ኛ. የፊደል አጻጻፉን፣ የመስመር መጨረሻውንና ከዳር የሚገባበትን መጠን በኤዲተርኮንፊግ ፋይል ጽፎ ከሥራው ጋር ማስቀመጥ። ብዙ ኤዲተሮች ይህን ፋይል ያነቡታል።

2ኛ. ቅርጽን ለአንድ ፎርማተር መስጠትና ከወጣበት ቅንብር ሳይነኩ መቀበል። ስለ ቅርጽ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ከሥራው የሚቀነስ ሰዓት ነው።

3ኛ. በሊንተሩ ከተመከሩት መሠረታዊ ደንቦች መጀመርና ለሥራው የሚያስፈልጉትን ጥቂቶች መጨመር። አንድ ደንብ ወይ ሥራ የሚያስቆም ስሕተት ይሁን፣ ወይ ይጥፋ፤ በመካከል የሚቀር ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ማንም አያነበውም። ደንቡን መጣስ ግድ በሚሆንበት ስፍራም ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፍ።

4ኛ. ምርመራውን በሦስት በር ማቆም፤ ይኸውም ፋይሉ ሲቀመጥ፣ በጊት ከመመዝገቡ በፊት፣ በጋራው ሰርቨር ላይ ሲደርስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለምቾት ናቸው፤ ሦስተኛው ግን የማይታለፍ ነው።

5ኛ. የቆየ ኮድ በፎርማተር የሚስተካከል ከሆነ ሌላ ለውጥ ሳይቀላቀልበት ለብቻው መመዝገብ። ከ2019 ወዲህ ጊት እንዲህ ያለውን መዝገብ አልፎ የእያንዳንዱን መስመር እውነተኛ ጸሐፊ የሚያሳይበት ዘዴ አለው።

የትኛውን መሣሪያ ለሚለው ጥያቄ፣ ኢኤስሊንትና ፕሬቲየር አንድ ላይ ብዙ ተጨማሪ ደንብ ለሚፈልግ ሥራ ይስማማሉ። በ2023 ሮም ከተባለው ፕሮጀክት የወጣው ባዮም ደግሞ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ፕሮግራም ስለሚሠራና በረስት ቋንቋ ተጽፎ ፈጣን ስለ ሆነ፣ ለአነስተኛ ሥራና ለደካማ ኮምፒዩተር የሚመች ሆኖ እናገኘዋለን። ከሁለቱ የትኛውም ቢመረጥ ከላይ ያሉት አምስቱ ነጥቦች አይለወጡም።

መደምደሚያ

በጠቅላላው፣ ቅርጽ ለማሽን፣ ደንብ ለቡድን፣ ኤዲተር ለግለሰብ ቢሰጥ ሁሉም በየቦታው ይሆናል ብለን እናምናለን። ከዚህም የሚተርፈው ጊዜ ማሽን ሊያየው ለማይችለው ነገር ይውላል። የውጤቱ ሣጥን ባዶ መሆኑን ከዜሮ መለየቱን፣ ጳጉሜ መቆጠሯን፣ ገጹ ለማን እንደሚነበብ የሚጠይቀው አሁንም ሰው ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እናሳስባለን። የተማሪ ኮድ ሲታረም ክፍተትና መስመር በእጅ እየተቆጠረ ነጥብ ባይቀነስ መልካም ነው፤ ያን ፎርማተሩ ይሠራዋል። ይልቁንም ተማሪው ያበራውን እያንዳንዱን ደንብ ለምን እንዳበራው፣ ያጠፋውንም ለምን እንዳጠፋው በቃሉ እንዲያስረዳ ቢጠየቅ፣ መሣሪያው ምርኩዝ መሆኑ ቀርቶ አስተማሪ ይሆናል።